ጎዶሎ ነው፤ ብቸኛ ነው

ወንድሜ ጡረታ ሲወጣ ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ቢጠየቅ «ቁጥር» አለ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ቢሮው አስጠርቶ፣ ሻይ አስመጥቶ «ምን እንስጥዎ?» ሲለው ሰዓት አይል፣ ወንበር አይል፣ ሙሉ ልብስ አይል፣ ቁጥር! አሥር አሃዝ ያለው አንድ ቁጥር በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ በድንጋይ ተጠርቦ እንዲቀመጥለት። እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠረጴዛዬ ዳይሬክተሩ በር ሥር ስለሆነች፣ በሩም ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ቢዘጋም እሰማ ነበር።

ወንድም ጋሼን ተማሪዎቹ «ቀሪ» ይሉታል። ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት ማካፈል ሲያስተምር «ቀሪው ስንት ነው?» እያለ ስለሚጮህ ነው። ሚስት አላገባም። እኔም ባሌ ከሞተ ጀምሮ አብሬው ነው የምኖረው። አንድ ቦታ እንሠራለን፣ አንድ ቤት እንገባለን፣ በአንድ ነገር ተስማምተን ግን አናውቅም። እሱ ሰውን ሁሉ ያከብራል። እኔ እውነቱን ለመናገር ከእሱ በቀር የማከብረው ሰው የለኝም፤ እሱንም ቢሆን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም።

ቁጥሩ የመጣው ከክፍል ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ምላሷ እንደኔ የሆነ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ በተርታ ጻፈችና ከዘጠኙ ኋላ አንድ ደገመችበት። 1234567891። «ቲቸር፣ ይሄ ብቸኛ ቁጥር ነው?» አለችው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም ነገር እኩል የማያካፍለው ነው፤ እንደ ሰባት፣ እንደ አሥራ ሦስት። ሰባትንማ ማንም ያውቀዋል። ይሄኛውን ግን ማን ያውቃል? ወንድም ጋሼ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ አሉ። «አላውቅም። አጣርቼ እነግርሻለሁ» አላት። ሌላው አስተማሪ ቢሆን «ከርዕስ አትውጪ!» ብሎ ያስቀምጣት ነበር።

ቤት ሲመጣ «ስልክህን ብትጠይቀው አሁኑኑ ይነግርህ የለ?» አልኩት።

«ስልኩ ነገረኝ ብዬ ላስተምር?» አለኝ።

በእጁ ማካፈል ጀመረ። ቁጥሩ የሚካፈል ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ አካፋይ ከሠላሳ አምስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት አይበልጥም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ መሞከር ነው። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ከምናምን ጊዜ! «አንተ ሰውዬ አብደሃል» አልኩት። ያበድኩትስ እኔ ነኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ የማረሙን ሥራ ያዝኩለት። እሱ ያካፍላል፣ እኔ ድርሻውን በአካፋዩ አባዝቼ፣ ቀሪውን ደምሬ፣ መልሶ ያንኑ ቁጥር ይሰጥ እንደሆነ አያለሁ። ከሥራ መልስ እራት እስኪደርስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። አራት ዓመት፣ አሥራ አራት ደብተር። እያጉረመረምኩ ነው ያባዛሁት፤ ቢሆንም አንዲት አላለፈችኝም። አርባ ሁለት ስህተት አውጥቼበታለሁ። እያንዳንዷን ደግሞ ለሳምንት ያህል እየጠቀስኩ አበሽቄዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ለሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰባት ሲያካፍል፣ እየወረደ፣ እየወረደ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀረ። አንድ ብቻ! ወንድም ጋሼ እስክሪብቶውን ጥሎ እንደ ሕፃን ሳቀ። «ለጥቂት ተረፈች!» አለ። በዚያ ቀን እኔም አብሬው ስቄያለሁ፤ ሰው እንዳይሰማ።

ባለፈው ዓመት አለቀ። ማንም አላካፈለውም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ግን ጠያቂዋ ተማሪ ተመርቃ ሄዳለች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ወንድም ጋሼ ድንጋይ የፈለገው ለዚህ ነው። «እነግርሻለሁ ብያታለሁ» አለኝ። «ያኔ የጻፈችበት ሰሌዳ ጠፍቷል። በሩ ላይ ካለ ግን አንድ ቀን ስታልፍ ታየዋለች፤ እንዳልዋሸኋት ታውቃለች።» ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ለአንድ መስመር ጽሑፍ ኮሚቴ! አባላቱ ዳይሬክተሩና የቋንቋ አስተማሪው ሲሆኑ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ደግሞ እኔ። ዳይሬክተሩ እንግዳ ከመጣበት ግድግዳ የሚያስቀባ፣ እንግዳ ካልመጣ ደግሞ ራሱን የሚያስቀባ ሰው ነው። የቋንቋ አስተማሪውን «ነጠላ ሰረዝ» እንለዋለን፤ ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ የሰላምታ ካርድ ሳይቀር ያርማል። አንድ ጊዜ የለቅሶ ማስታወቂያ አርሞ ሟቹን ከቤተሰቡ ስም ቀጥሎ ያስቀመጠ ጉድ ነው።

ወንድም ጋሼ የሰጣቸው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «1234567891። ጎዶሎ ነው፤ ብቸኛ ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። «ጎዶሎ?» አለ። «በቤተ መጻሕፍታችን በር ላይ ጎዶሎ? እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል?»

«ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ነው ጎዶሎ የተባለው» አልኩ። «ደግሞም ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ እሱን አይሞሉም፤ በዚያም በኩል ጎዶሎ ነው። በሁለት በኩል ጎዶሎ ነው።»

«ባሰ!» አለ ዳይሬክተሩ።

ነጠላ ሰረዝ ራሱን እየነቀነቀ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። «እኔን ያሳሰበኝ ‹ብቸኛ› የሚለው ነው። ‹ብቸኛ ነው፤ አካፋይ የለውም።› ይሄ ስለ ቁጥር ነው ወይስ ስለ ራሱ? ሰውዬው አለማግባቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ምሬት በትምህርት ቤት በር ላይ ተገቢ ነው? ቢያንስ ‹ተወዳዳሪ የሌለው› ብንለው…»

«‹ሙሉ› ብንለውስ?» አለ ዳይሬክተሩ። «‹ሙሉና ተወዳዳሪ የሌለው ቁጥር።› ያምራል!»

እግዜር ያሳያችሁ! ጎዶሎውን ሙሉ ሊሉት። ደሜ ፈላ። «እንደሱ ካዘናችሁለት ለምን አትድሩትም?» አልኩ። «ሌላ አሥር አሃዝ ያላት ቁጥር ፈልጉና ሽማግሌ ላኩ!»

ነጠላ ሰረዝ ቅር አለው። «እህቴ፣ ንቀት ጥሩ አይደለም» አለኝ። እኔን! ሰውየው «አካፋይ» የሚለውን ቃል እንጀራ ቆራሽ መስሎት ቁጭ ብሎ ንቀት ጥሩ አይደለም ይለኛል።

ሦስት ሳምንት ተሰበሰብን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ «ጎዶሎ» ተከራከርን። መጨረሻ ላይ አደከምኳቸው፤ በማድከም የሚችለኝ የለም። ቃላቱ በሙሉ ይውጡ፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀመጥ ተባለ። እያፏጨሁ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ወንድም ጋሼም «ቃሉ ቢቀር ግድ የለም። ቁጥሩን ካየች ይበቃታል» አለ።

በማግስቱ ነጠላ ሰረዝ ለድንጋይ ጠራቢው የሚላከውን ደብዳቤ ረቂቅ አመጣልኝ። እንደ ልማዱ በቀይ ተዥጎርጉሯል፤ እዚህ ሰረዝ፣ እዚያ ነጥብ። የእሱን እርማት ማንበብ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ጣቴ ይገለብጠዋል፣ እኔ ሌላ አስባለሁ። የዚያን ቀንም «ንቀት ጥሩ አይደለም» ላለኝ ምን ብመልስለት ኖሮ እንደሚያምር እያሰብኩ ነበር። በጣም ጥሩ መልስ መጣልኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ፣ ማህተም አስመታሁ፣ ላክሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚመረቅበት ቀን ግቢው ሙሉ ተማሪ ነው። ድንጋዩ በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል። ዳይሬክተሩ ስለ ራሱ ሃያ ደቂቃ፣ ስለ ወንድሜ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። ወንድም ጋሼ ያቺን ቡናማ ኮቱን አስተኩሶ ለብሷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጣም። ጨርቁ ሲሳብ ሁሉም አጨበጨበ።

1234567890።

መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ነው። ክብ፣ ጥልቅ፣ የሚያምር ዜሮ። ወንድም ጋሼን አየሁት፤ መነጽሩን አወለቀ፣ በኮቱ ጠርዝ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። ዜሮው አልሄደም።

ከፊት የቆመች አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ለአሥር ይካፈላል!» ብላ ጮኸች። ሳቅ ሆነ።

ወንድም ጋሼ ዞር አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ ይሄድ ነበር፤ እኔ ብሆን ድንጋዩን እነቅለው ነበር። እሱ ግን «ልክ ነሽ» አላት። «ሌላስ?» «ለሁለት!» «ለአምስት!» «ለሦስት!» «ለዘጠኝ!» ግቢው ቀለጠ። «ልክ። ልክ። ጎበዝ» እያለ ለእያንዳንዳቸው መለሰ። «አካፋዮቹ ብዙ ናቸው። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ ከእሱ ይበልጣሉ። እንዲህ ያለው ቁጥር ትርፍ ይባላል።»

«ትርፍ!» አለ ዳይሬክተሩ ወደ እንግዶቹ ዞሮ፣ ፊቱ በርቶ። «ሰማችሁ? ትርፍ ቁጥር ነው!» እሱም አጨበጨበ። እንግዶቹም አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ጉድ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

እንግዶቹ ግቢውን እስኪለቁ አልጠበቅሁም። ዳይሬክተሩና ነጠላ ሰረዝ ያሉበትን ቢሮ በር በርግጄ ገባሁና «የትኛው ደንቆሮ ነው?» አልኩ። «የትኛው ማየት የተሳነው ነው አራት ዓመት የለፋንበትን ያበላሸው? ጠራቢው ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር! እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ…» ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። በኮሪደሩ ያለ ሁሉ ሰምቶኛል፤ እንዲሰማም ነው የጮህኩት።

ዳይሬክተሩ ከመደርደሪያው ፋይሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ረቂቁ አለ፤ መጨረሻ ያለችው አንድ በቀይ ተሰርዛ፣ ከላይዋ ዜሮ ተጽፏል። ከሥሩ ደብዳቤው አለ፤ ዜሮው በጥቁር፣ ጥርት ብሎ። ግርጌው ላይ የጸሐፊዋ ስም መነሻ ፊደል አለ። የኔ።

ነጠላ ሰረዝ ከጥግ ቆሞ እጁን ያሻል። «ከዘጠኝ ቀጥሎ ዜሮ ስለሚመጣ… ግድፈት መስሎኝ ነው» አለ። «ስህተት ከሆነማ እርስዎ ያዩታል ብዬ። እርስዎ ቁጥሩን ያውቁታል። ለዚህ ብዬ ነው በቀይ ያደረግሁት።»

ያ ያሰብኩት ጥሩ መልስ የት እንደገባ እንጃ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስገባ ወንድም ጋሼ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ደብተሮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አልገለጣቸውም። ቆሜ ነገርኩት። ነጠላ ሰረዝ መሆኑን ቀድሜ፣ እኔ መሆኔን አስከትዬ። ቅደም ተከተሉ እንኳ እንዲያምርልኝ ፈልጌ ነበር፤ አፈር በበላሁ።

«ሳታነቢው ጻፍሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሦስት ሺህ ሰባት መቶ ጊዜ ስታርሚ አንድ አላለፈሽም። ይሄ አንድ መስመር ነው። ለምን?»

ደክሞኝ ነበር ልል አሰብኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልል አሰብኩ። «ስለናቅኋቸው ነው» አልኩት። «የእነሱ ወረቀት መነበብ ያለበት አልመሰለኝም።»

ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም። «የናቅሽው እነሱን ነው» አለኝ። «የጻፍሽው ግን የኔን ነው።» ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ባሌ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

በማግስቱ ድንጋዩ ይቀየር ብዬ ዳይሬክተሩን ለመንኩት። እኔ፣ ለመንኩ! «የተመረቀ ነገር እንዴት ይነሳል?» አለኝ። «ፎቶ ተነሥተንበታል እኮ።» ለካ ድንጋይ የሚጸናው ፎቶ ከተነሡበት በኋላ ነው።

ወንድም ጋሼ ጠራቢውን ራሱ ሄዶ አመጣው። ጠራቢው በዜሮው ውስጥ ጣቱን አዞረ። «አንዱን ዜሮ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ዜሮን አንድ ማድረግ ግን አይሆንም፣ ድንጋዩ ወጥቷል» አለ። «ስምንት ላድርግልዎት? በወገቡ ላይ መስመር ነው።»

«ለሁለት ይካፈላል» አለ ወንድም ጋሼ።

«ስድስት?»

«እሱም ለሁለት።»

«ዘጠኝስ? ዘጠኝ ያምራል።»

«አሃዞቹ ሲደመሩ ሃምሳ አራት ነው። ለሦስት ይካፈላል።»

ጠራቢው እኔን አየኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን አብረን በሳቅን። ወንድም ጋሼ ድንጋዩን በስንዝሩ ለካ። ከዜሮው ኋላ እስከ ጠርዙ ክፍት ቦታ አለ። «እዚህ ጋ አንድ አሃዝ ይገባል?» አለው።

«አንድ ይገባል። ከአንድ በላይ አይገባም።»

«ስታልፍ ታነበዋለች» አለ ወንድም ጋሼ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሌላ ቁጥር ቢሆንም ብቸኛ ከሆነ አልዋሸኋትም።»

እዚያው ቆሞ ያሰላ ጀመር። እንደ ሁለትና አራት ያለ ሙሉ አሃዝ ቢጨመር ለሁለት ይካፈላል፤ አምስት ቢሆን ለአምስት። ሦስትም ዘጠኝም ቢሆን ለሦስት ይካፈላል። የቀሩት አንድና ሰባት ናቸው። ቁጥሩ አሥራ አንድ አሃዝ ስለሚሆን አሁን እስከ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ ድረስ መሞከር አለበት፤ ከአሥር ሺህ በላይ ማካፈል። ዕድሜው ስልሳ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል። ይህን ሁሉ ያመጣሁበት እኔ ነኝ።

ማታውኑ አዲስ ደብተር ገዝቼ መጣሁ። «እኔ አካፍላለሁ፤ አንተ አርም» አልኩት። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና ወንበር ሳበልኝ።

በአንድ ያለቀችው በአምስተኛው ሳምንት ሞተች። ለስምንት መቶ ሃምሳ ሰባት ስትካፈል ምንም አልቀረም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ እሱ አባዛው፣ ልክ ነው። ዱሮ ቢሆን ቁጥሩንም ያመጣውንም ረግሜ ደብተሩን እወረውረው ነበር። «ሰባቷን ጀምሪ» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ነጠላ ሰረዝ ቤት መጣ። በር ላይ ቆሞ «ማባዛት ብረዳችሁስ?» አለ። ልቤ ውስጥ የመጣውን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ወንበር አመጣሁለት፤ ቀይ እስክሪብቶውን ግን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰውየው አምስት ሲደመር ስምንት በጣቱ ይቆጥራል፣ እግዜር ይይለት! ቢሆንም ይቆጥራል።

12345678907። ለሰባት ሲካፈል ሁለት ይቀራል። ለአሥራ አንድ አንድ ይቀራል። ለአሥራ ሦስት ሦስት፣ ለአሥራ ሰባት አምስት፣ ለአሥራ ዘጠኝ አንድ። ለሃያ ሦስት ሲደርስ ወንድም ጋሼ «ቀሪው ስንት ነው?» አለኝ። «ሦስት» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዝም አልኩና መስመሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት።